ቀርፋፋው ኤኒዴስኩ አይደለም

ወልቂጤ ያለች አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ደወለችልኝ፤ የሂሳብ ፕሮግራሟ ፒችትሪ አልከፈት ብሏታል። እኔ ቡታጅራ ነኝ። «የኤኒዴስክ ቁጥርሽን ላኪልኝ» አልኳት፤ ላከች፣ ገባሁ። ማውሱን ሳንቀሳቅስ ቀስቷ ቆይታ ትከተለኛለች፣ አንድ ፊደል ስጽፍ ሦስት ሆኖ ይመጣል።

«ወንድሜ፣ አዲሱን ቨርዥን ካወረድኩ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው። አሮጌውን ልመልሰው?»

«ኢንተርኔቱ ከየት ነው?»

«ከስልኬ፣ በሆትስፖት።» ከጀርባዋ ቲክቶክ ሲዘፍን ይሰማኛል።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ቨርዥን ላይ የሚወርደው እርግማን አብዛኛው እንዲህ ነው።

እንደ ኤኒዴስክ ያለ የሩቅ ኮምፒዩተር መቆጣጠሪያ ምን እንደሆነ ብዙ አልልም፤ የወዲያኛውን ስክሪን ወዲህ ያመጣል፣ የወዲህኛውን ማውስና ኪቦርድ ወዲያ ይወስዳል። ለአምስት ደቂቃ ሥራ ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ከመዋል አድኖናል፤ ምስጋናውን ግን ሲሰጠው አላየሁም።

ብዙ ሰው የሚስተው ፍጥነቱን ነው። «አራት ጂ አለኝ፣ ሜጋው ብዙ ነው» ይላሉ። ሜጋ የመንገዱ ስፋት ነው፤ እዚህ የሚያስፈልገን የደርሶ መልሱ ጊዜ ነው። 1366 በ768 የሆነ ስክሪን ሳይጨመቅ 3 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል። ግን ሙሉው ምስል በየጊዜው አይላክም፤ የተለወጠው ክፍል ብቻ ተጨምቆ ይሄዳል። ኤኒዴስክን በ2014 እ.ኤ.አ. ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ላይ የመሠረቱት ሰዎች ለዚሁ ሲሉ ዴስክአርቲ የሚባል የራሳቸውን መጭመቂያ ሠርተዋል። ስለዚህ ነጩ የፒችትሪ ገጽ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ከኋላው የተለጠፈው የሠርግ ፎቶ ነው።

መንገዱስ? ሁለቱ ኮምፒዩተሮች በቀጥታ ከተገናኙ ደግ። በሞባይል ዳታ ላይ ግን ብዙ ደንበኛ አንድ አድራሻ ስለሚጋራ በቀጥታ መገናኘት ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ መካከል ላይ አቀባባይ ሰርቨር ይገባል። አቀባባዩ ፍራንክፈርት ነው እንበል። ቡታጅራ የነካኋት ፊደል ፍራንክፈርት ደርሳ ወልቂጤ ትወርዳለች፤ የተለወጠው ምስል ደግሞ በዚያው መንገድ ዞሮ ይመጣል። ይህ ከ21,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ገመዱ እንደ ክር ቀጥ ቢል እንኳ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። ለጎረቤት ከተማ! ይህን የትኛውም ቨርዥን አያሳጥረውም።

ቨርዥን ለውጥ አያመጣም ማለቴ ግን አይደለም። የማይክሮሶፍቱ ሪሞት ዴስክቶፕ ከስሪት 8 ጀምሮ ዩዲፒ የሚባለውን መላኪያ መጠቀም ይችላል። የቀድሞው መንገድ የጠፋውን ቁራጭ ሳይተካ ወደፊት አይልም፤ በተቆራረጠ ኔትወርክ ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ቲምቪወር ላይ ደግሞ ገቢው አሮጌ፣ ተቀባዩ አዲስ ከሆነ ግንኙነቱ እንቢ ሊል ይችላል፤ ያ የፍጥነት ጉዳይ አይደለም።

ሁለት ቨርዥን ማወዳደር የሚፈልግ እንግዲህ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መስመር፣ በእነዚያው ሁለት ኮምፒዩተሮች ያወዳድር። ጠዋት በዋይፋይ አሮጌውን፣ ማታ ሰው ሁሉ ቪዲዮ ሲያይ አዲሱን ሞክሮ «አዲሱ ተበላሽቷል» የሚል ደንበኛ ስንቱን አስተናገድኩ! ኖትፓድ ይከፈት፣ አንድ ፊደል ይነካ፣ እስኪታይ ያለው ጊዜ በስልክ ይለካ፤ አሥር ጊዜ ይደገም። ከዚያ በፊት ቀጥታ ግንኙነት መፈቀዱን ቅንብሩ ውስጥ ይይ፤ የግድግዳ ፎቶውን ያጥፋ።

የወልቂጤዋን ልጅ ቲክቶኩን አስዘጋኋት፤ ፎቶውን እኔው ደበቅሁት። ቀስቷ እጄን መከተል ጀመረች፣ ፒችትሪውም ተከፈተ። ቨርዥኑ ያው አዲሱ ነበር።

አሮጌውን ልመልስ ለምትሉ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የኤኒዴስክ ኩባንያ በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሰርቨሮቹ መደፈራቸውን አሳውቆ፣ ደንበኞቹ አዲስ የፊርማ ሰርተፍኬት የያዘውን ቨርዥን እንዲጭኑ ጠይቋል፤ ለዊንዶውስ 8.0.8 ነበር። ፍላሻችሁ ላይ ከዚያ በፊት የወረደ ካለ፣ ቢፈጥንም አጥፉት።