ዝም ይነቅዛል

አሽኬሎን ውስጥ ልጁ የመጀመሪያው የውትድርና መጥሪያ፣ ጻቭ ሪሾን፣ በደረሰው ቤት ቡና ሲፈላ አንድ ምክር አይጠፋም፦ «ስለ ሀሺሽ ቢጠይቁህ አላውቅም በል። ዝም አይነቅዝም።» ምክሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በ2016 በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ ፖሊስ በቤተ እስራኤል ወጣቶች ላይ ከልክ በላይ እንደሚበረታ በሪፖርቱ አስፍሯል። መንገድ ላይ ያስቆመው ፖሊስ ሲመረምረው ዝም ማለት የልጁ መብት ነው። ሲቩግ፣ የጸጥታ ማጣሪያው፣ ሲጠይቀው ግን ልጁ ተከሳሽ አይደለም፤ አደራ ስጡኝ ባይ ነው። ለስለላ ክፍል ቢመለመልም፣ በሺክማ እስር ቤት ለመቀጠር ቢያመለክትም ያው ነው።

«ካልያዙኝ ማን ያውቃል?» ይላሉ። ምርመራው፣ ታህኪሩ፣ የፖሊስ መዝገብ አገላብጦ የሚቆም አይደለም። ቅጽ ይሞላል፣ ቃለ መጠይቅ አለ፣ የሚያውቁት ሰዎች ይጠየቃሉ፤ ከፍ ላለ ደረጃ ፖሊግራፍም ይጨመራል። ባሕር ዳር አብሮት ያጨሰው ጓደኛ ነገ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። መርማሪውን የሚያሳስበውም ጭሱ ብቻ አይደለም፦ የሚደብቀው ነገር ያለበትን ሰው ሌላ ሰው በዚያው ነገር ሊያስፈራራው ይችላል።

«አንዴ ያጨሰ አበቃለት» የሚባለውም ልክ አይደለም። ስንት ጊዜ፣ መቼ፣ ሸጧል ወይስ አልሸጠም፣ ዛሬስ ትቷል ወይ የሚለው ይመዘናል። በሌላ በኩል «አሁንማ ተፈቅዷል» ማለትም ስህተት ነው። ከሚያዝያ 2022 ወዲህ ለግል ፍጆታ ካናቢስ የተያዘ አዋቂ 500 ሼቄል ይቀጣል እንጂ የወንጀል መዝገብ አይከፈትበትም፤ ወታደር ግን በዚህ አይካተትም። ስለዚህ በአገልግሎት ላይ ያለ ልጅ ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ጠበቃ ያማክር። የአሜሪካው የጸጥታ ማጣሪያ ቅጽ፣ ኤስኤፍ-86፣ ስለ አደንዛዥ ዕፅ የተሰጠ እውነተኛ መልስ በወንጀል ክስ ማስረጃ እንደማይሆን በጽሑፍ ቃል ይገባል። የእስራኤሉም እንዲሁ ነው ብሎ መገመት አደገኛ ነው።

ጫትስ? እዚህ ቅጠሉን መቃም አልተከለከለም፤ የየመን አይሁዶችም ይቅሙታል። በ2004 የታገደው ካቲኖን ያለበት ሐጊጋት የተባለው እንክብል ነው። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ግን ከዚህ አይማር፤ በአሜሪካ ሕግ ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ ጥብቅ ክልከላ ካለባቸው ዕፆች ተርታ ነው።

ብዙ ልጆች የሚሰናከሉት ግን «ቲኩ፣ የፖሊስ ፋይሉ፣ ተዘግቷል፣ ስለዚህ የለም» በሚለው ነው። ዋናው ቲኩ የተዘጋበት ምክንያት ነው። «ሖሴር አሽማ»፣ ጥፋት የለበትም ተብሎ ከተዘጋ ከፖሊስ መዝገብ ይወጣል። «ሖሴር ርአዮት»፣ በቂ ማስረጃ አልተገኘም፣ ወይም ለሕዝብ ጥቅም የለውም ተብሎ ከሆነ ግን ይቀመጣል። ተራ ቀጣሪ አያየውም፤ የጸጥታ አካላት ያዩታል። ልጁ «ፖሊስ ጣቢያ ገብቼ አላውቅም» ብሎ ሲፈርም መርማሪው ወረቀቱን ይዞ ሊሆን ይችላል። የመዝጊያው ምክንያት እንዲቀየር በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል። መልሱ ቶሎ አይመጣምና ማመልከቻው ከሲቩጉ ቅጽ በፊት ቢላክ ይሻላል።