የየቲም ድርሻና የሱቁ መዝገብ

በመድረሳ የፈራኢድን ትምህርት የቀሰምን ሰዎች የሚስትን አንድ ስምንተኛ፣ የሴት ልጅንም ድርሻ ያለ ብዙ ድካም እናወጣለን። ይሁን እንጂ ሟቹ ትቶት ያለፈው ነገር ተቆጥሮ የሚያልቅ ገንዘብ ሳይሆን በሥራ ላይ ያለ ሱቅ በሚሆንበት ጊዜ ክፍልፋዩ የሚወጣው ከየትኛው ቁጥር ላይ ነው? ዑለሞቻችን ከቀብር ወጪ፣ ከዕዳና ከኑዛዜ በኋላ ከተረፈው ላይ መሆኑን አስተምረውናል። የተረፈው ስንት እንደሆነ የሚያሳውቀን ግን የሒሳብ አያያዝ ዕውቀት ነው። እኛም ብንሆን ይህን ዕውቀት ዘግይተን፣ የየቲም አሳዳጊዎች እየመጡ ሲጠይቁን መልስ አጥተን ካፈርን በኋላ የተማርነው ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ የልብስ ሱቅ የነበረው አባት አረፈ እንበል። ሚስት፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ትቷል፤ እናትና አባቱ በሕይወት የሉም፤ ኑዛዜ አልተወም፤ ቀብሩንም ዕድሩ አስፈጽሟል። ወሊዩ፣ ማለትም የልጆቹ አጎት፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሊሠራ የሚገባው ነገር ቢኖር የሀብትና ዕዳ መግለጫ ማዘጋጀት ነው። በአንድ በኩል ሀብቱን ይጽፋል፦ በእጅና በባንክ ያለ ገንዘብ 60,000 ብር፣ ዛሬ ከመርካቶ ቢገዛ በሚያወጣው ዋጋ የተቆጠረ ልብስ 400,000 ብር፣ ከደንበኞች የሚሰበሰብ ዱቤ 50,000 ብር፣ ገና ላልደረሱ ስድስት ወራት በቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ 90,000 ብር። ድምሩ 600,000 ብር ነው። ብዙዎች ቅድሚያ ኪራዩን እንደ ወጣ ገንዘብ ቆጥረው ይረሱታል፤ ሆኖም ሱቁ ገና የሚገለገልበት በመሆኑ የሟቹ ሀብት ነው።

በሌላ በኩል ዕዳው ይጻፋል፦ ለመርካቶ አከፋፋዮች 130,000 ብር፣ ያልተከፈለ ግብር 10,000 ብር፣ ለሚስቱ ሳይከፈላት የቆየ መህር 20,000 ብር። መህሩን እዚህ ያስገባነው ያለ ምክንያት አይደለም። እናቲቱ አፍራ ዝም ብትል እንኳ ዕዳነቱ አይቀርም፤ ከውርስ ድርሻዋ ጋርም አይደባለቅም። እንግዲህ ከ600,000 ላይ 160,000 ሲቀነስ የተጣራው ካፒታል 440,000 ብር ይሆናል። ከዚህ የሚስት ስምንተኛ 55,000፣ የእያንዳንዱ ወንድ ልጅ 154,000፣ የሴቷ ልጅ ደግሞ 77,000 ብር ነው። ዕዳው ሳይነሳ ከ600,000 ላይ ቢከፈል ኖሮ የአከፋፋዮቹን ገንዘብ ወራሾቹ በተከፋፈሉት ነበር።

ዋናው አደጋ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቤተሰቡ ሱቁን ላለመበተን ተስማምቶ አጎትየው ሥራውን ቀጠለ። በዓመቱ 900,000 ብር ሸጠ። የተሸጠው ልብስ የተገዛበት ዋጋ 640,000፣ የዓመቱ ኪራይ 180,000፣ ደመወዝና ልዩ ልዩ ወጪ 50,000 ብር ሆነ። የትርፍና ኪሳራ መግለጫው እንግዲህ 30,000 ብር ትርፍ ያሳያል። አጎትየው ግን ለቤት ወጪ በየወሩ 6,000 ብር፣ በዓመት 72,000 ብር ከመሳቢያው ሲያነሳ ቆይቷል። አንድም ቀን መሳቢያው ባዶ ሆኖበት አያውቅም፤ ስለዚህ ሱቁ አትራፊ ነው ብሎ በቅን ልቡ ያምናል። እውነቱ ግን የተሸጠውን ልብስ ሙሉ በሙሉ ሳይተካ በመቅረቱ መደርደሪያው ሳስቷል፤ ካፒታሉም በ42,000 ብር ጎድሎ 398,000 ብር ደርሷል። በዚሁ አካሄድ ትንሹ ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ የሚረከበው የሱቅ ቁልፍና የአከፋፋዮች ዕዳ ብቻ ሊሆን ይችላል። በመሳቢያ ውስጥ ያለ ገንዘብና ትርፍ የተለያዩ መሆናቸውን ከማስረዳት የበለጠ ያደከመን ነገር የለም፤ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ይከራከሩናል።

ይህን ስንል ለልጆቹ ቀለብና ትምህርት አይውጣ ማለታችን አይደለም። ወሊዩም ቢሆን ድኻ ከሆነ በልክ እንዲጠቀም፣ ባለጸጋ ከሆነ ግን እንዲቆጠብ በሱረቱ ኒሳእ ተደንግጓል። ነገር ግን የወጣው ሁሉ ለማን እንደወጣ በየስሙ ይጻፍ። ከእናቲቱ፣ ከእያንዳንዱ ልጅና ከአጎትየው ስም ፊት ለፊት አንድ አንድ ገጽ ከተከፈተ ዓመታዊው ሒሳብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል።

ሟቹ የአክሲዮን ባለድርሻ የነበረ እንደሆነ መንገዱ ይኸው ነው። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ያለ ወለድ የባንክ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የአክሲዮን ወረቀት በውርስ የሚያገኙ የቲሞች ቁጥራቸው እየጨመረ እንደሚሄድ እንገምታለን። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ አክሲዮኑ ሲወጣ የተሰየመለት ነው፤ የዛሬ ግምቱ ግን ከዚያ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል። የባንኩን የተጣራ ሀብት ለአክሲዮኖቹ ቁጥር ብናካፍል የመዝገብ ዋጋውን እናገኛለን። የትርፍ ድርሻም ባንኩ ካተረፈው ሁሉ ሳይሆን ጠቅላላ ጉባኤው እንዲከፋፈል ከወሰነው ላይ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ወሊዩ በየዓመቱ የሚወጣውን የኦዲተር ሪፖርት ተቀብሎ ከልጆቹ መዝገብ ጋር ያኑር፤ በጉባኤውም ቀን ስለ እነርሱ ይገኝ።

ርክክብ ሲደርስ ምስክር ማቆም ታዟል። ምስክሮቹ ሲጠሩ ከመጀመሪያው ሳምንት መግለጫ ጀምሮ ያሉት ገጾች በጠረጴዛው ላይ ይቀመጡ፤ ልጁም ራሱ ደምሮ ይፈርም።