የጎማ ባላንስ ክብደትና በእርሳስ ምትክ የሚሠራባቸው ዘዴዎች
ለፎገራ ሜዳ የተሽከርካሪ ባለቤቶች፣ ሾፌሮች፣ ጎሚስታዎችና ገበሬዎች

መግቢያ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ከሚያቀናው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። በፎገራ ሜዳ ሩዝ ከተስፋፋ ወዲህ ምርቱ ከማሳ ወደ መፈልፈያ፣ ከመፈልፈያም ወደ ገበያ የሚጓዘው በአይሱዙ፣ በባጃጅና በትራክተር ተሳቢ ነው። የነዚህ ተሽከርካሪዎች ጎማ ባላንስ ሲያጣ ጉዳቱ በባለቤቱ ላይ ይደርሳል። ባላንሱ የሚስተካከልበት እርሳስ ወድቆ ሲቀር ደግሞ ጉዳቱ ለሕፃናትና ለከብት ይተርፋል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ጉዳት ለመቀነስ የሚረዱትን ዘዴዎች ያስረዳል።

1. ጎማ ባላንስ ሲያጣ ምን ይሆናል?

ጎማ ከነቸርኬው ሲሽከረከር ክብደቱ ዙሪያውን እኩል ካልሆነ ከባዱ ጎን ወደ ውጭ ይጎትታል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉተታው አራት እጥፍ ይሆናል። ለምሳሌ ከጫፍ እስከ ጫፍ 80 ሳንቲ ሜትር በሆነ የጭነት መኪና ጎማ ላይ፣ ከመሐሉ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ 100 ግራም ትርፍ ክብደት አለ እንበል። መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ይህ 100 ግራም 6 ኪሎ ግራም እንደሚመዝን ዕቃ ይጎትታል፤ ይህም በየሰከንዱ ወደ 9 ጊዜ ይደጋገማል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ግን ጉተታው ወደ 1.5 ኪሎ ግራም ይወርዳል።

ስለዚህ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ጎማው አንዳንድ ቦታ ላይ ብቻ ይበላል፤ ኩሽኔታ ያለጊዜው ያልቃል፤ ብሎኖችም ይላላሉ። ሾፌሩም ቶሎ ይደክማል።

2. ክብደት ከመጨመር በፊት መደረግ ያለበት

ሀ. ጭቃን ማጽዳት። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት፣ የፎገራ ጥቁር አፈር በቸርኬው የውስጥ ጎን ተለጥፎ ይደርቃል። 200 ግራም የሚመዝን የጭቃ ጓል ከላይ በተሰጠው ምሳሌ መሠረት በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከ12 ኪሎ ግራም በላይ ይጎትታል። ከማሳ ወጥቶ አስፋልት ላይ እንደ ወጣ የሚንቀጠቀጥ መኪና ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ውሃና ብሩሽ ነው። ጭቃው ሳይጸዳ ክብደት ከተለጠፈ፣ ጭቃው ሲረግፍ ንዝረቱ ይብሳል።

ለ. ጎማውን በትክክል መግጠም። በብዙ አዳዲስ ጎማዎች ጎን ላይ ትንሽ ቢጫ ነጥብ ይገኛል። ነጥቡ የጎማውን ቀላል ቦታ ያመለክታል። ቸርኬው ዘወትር የሚከብደው በቫልቮላው በኩል ስለሆነ፣ ቢጫው ነጥብ ከቫልቮላው ትይዩ እንዲሆን ተደርጎ ሲገጠም የሚያስፈልገው ክብደት ያንሳል። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ሐ. የተጣመመ ቸርኬ፣ የላላ ኩሽኔታና ያበጠ ጎማ በክብደት አይታረሙም። መጠገን ወይም መለወጥ ይኖርባቸዋል።

3. እርሳስን መተው ለምን አስፈለገ?

እርሳስ ከባድ፣ ለስላሳና ርካሽ በመሆኑ ለብዙ ዘመን ለባላንስ ሲያገለግል ኖሯል። ነገር ግን መርዝ ነው። ከቸርኬ ተነቅሎ መንገድ ላይ የወደቀ እርሳስ በጎማ እየተፈጨ ከአቧራ ጋር ይቀላቀላል። ወደ ሕፃን ሰውነት የገባ እርሳስ በጥቂቱም ቢሆን የአእምሮን ዕድገት ይጎዳል። ከብቶችም ያገኙትን የመላስ ጠባይ ስላላቸው በተለይ ጥጆች ይመረዛሉ። በእርሳስ የተመረዘ ከብት ዓይኑ ይታወራል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ በአንድ ቦታ ይዞራል፣ ግንባሩን ከግድግዳ ጋር ይገፋል፤ ይንቀጠቀጥና ሊሞት ይችላል። ይህ ምልክት ሲታይ የእንስሳት ሐኪም በፍጥነት መጠራት አለበት። በዝርያቸው የታወቁት የፎገራ ከብቶች በመንገድ ዳር የሚግጡ በመሆናቸው ጥንቃቄው የሁሉም ሰው ነው።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የእርሳስ ባላንስ ክብደት ለመኪና እንዳይውል ከሐምሌ 1 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል። በአሜሪካም የካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር በ2010 እ.ኤ.አ. ከልክሏል።

እርሳስን መለየት ቀላል ነው። ማግኔት አይስበውም፤ በቢላ በቀላሉ ይፋቃል፤ ወረቀት ላይ ሲታሽ ግራጫ መስመር ይተዋል። ብረትን ግን ማግኔት ይስበዋል።

4. ምትኮቹ

ሀ. የብረት ክብደት። እርሳስ ከእኩል መጠን ብረት 1.4 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ የብረቱ ክብደት በግራም እኩል ቢሆንም በመጠኑ ከፍ ይላል። እንዳይዝግ የተቀባውን መምረጥ ያስፈልጋል። ብረት እንደ እርሳስ ስለማይታጠፍ፣ መቆንጠጫው ለቸርኬው ጠርዝ ልክ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ካልሆነ በኮረኮንች መንገድ ይወድቃል። በቂ ጥንካሬ ስላለው ለአካባቢያችን የሚሻለው ይህ ነው።

ለ. የዚንክ ክብደት። እርሳስ ከዚንክ 1.6 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ዚንክ ዝገትን ይቋቋማል።

ሐ. የሚለጠፍ ክብደት። ጠርዙ መቆንጠጫ ለማይዝ ቸርኬ ይጠቅማል። የሚለጠፍበት ቦታ ከጭቃ፣ ከቅባትና ከእርጥበት ፈጽሞ መጽዳት አለበት። ከታጠበ በኋላ ሳይደርቅ የተለጠፈ ክብደት አይቆይም።

መ. በጎማ ውስጥ የሚጨመሩ የመስታወት ወይም የሸክላ ፍሬዎች። በረጅም መንገድ በፍጥነት ለሚነዱ ከባድ የጭነት መኪናዎች የተሠሩ ናቸው። ጎማው በፍጥነት ሲዞር ፍሬዎቹ ራሳቸው ወደ ቀላሉ ጎን ይሄዳሉ። በዝግታ ጉዞ አይሠሩም። እርጥበት ያለው ነፋስ ከተሞላ ይጣበቃሉ፤ ጎማ በተበሳ ቁጥርም መልቀም ያስፈልጋል። ስለዚህ ከመነዳሪ ላላቸው ጎማዎችና ብዙ ጊዜ ለሚበሱ ተሽከርካሪዎች አመቺ አይደሉም።

5. ያለ ማሽን የሚደረግ ፈተና

የተሟላ ባላንስ የሚደረገው በማሽን ነው። ማሽን በማይገኝበት ጊዜ ግን የባጃጅን ወይም የመኪናን የፊት ጎማ እንደሚከተለው መፈተን ይቻላል። ይህ ፈተና ሞተሩ ለማያዞረው ጎማ ብቻ ነው።

1ኛ/ ተሽከርካሪውን ደልዳላ ቦታ አቁሞ በሌሎቹ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ማስደገፍ፤
2ኛ/ በክሪክ አንሥቶ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ማሳረፍ፤
3ኛ/ ጎማው ፍሬን ሳይነካው በነፃ መዞሩን ማረጋገጥ፤
4ኛ/ ቀስ አድርጎ ማዞርና ራሱ እስኪቆም መጠበቅ፤ በላይኛው ጫፍ በጠመኔ ምልክት ማድረግ፤
5ኛ/ ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም። ምልክቱ ሁልጊዜ ወደ ላይ ከተመለሰ ቀላሉ ጎን እሱ ነው፤
6ኛ/ በምልክቱ ላይ ትንሽ ክብደት በጊዜያዊነት አስሮ፣ ጎማው በማንኛውም ቦታ መቆም እስኪችል ድረስ መጨመር ወይም መቀነስ።

ይህ ፈተና ትልቁን መዛባት ያሳያል። ጎማው ወደ ጎን የሚያወዛውዝ ከሆነ ግን ማሽን ወዳለበት ጎማ ቤት መውሰድ ይገባል።

6. ስለ ትራክተር

በትራክተር ጎማ ላይ የሚታሰረው የብረት ክብደትና በጎማው ውስጥ የሚሞላው ውሃ መሬት ለመቆንጠጥ እንጂ ለባላንስ አይደለም። ትራክተር በዝግታ ስለሚሠራ ባላንስ አያሳስበውም። በረጠበ የሩዝ ማሳ ላይ ግን ትርፍ ክብደት ጎማውን ያሰምጣል፤ አፈሩንም ይጠቀጥቃል። ውሃ የተሞላበትን ጎማ አይተው በአይሱዙ ጎማ ውስጥ ውሃ የሚሞሉ ካሉ፣ ይህ ባላንስን የሚያጠፋና አደገኛ መሆኑን ይወቁ።

7. ማሳሰቢያ

— ጎማ በተገጠመበት ቸርኬ ላይ ዳዶ ወይም ብረት በብየዳ ማያያዝ ፈጽሞ አይገባም። ጎማው በሙቀት ፈንድቶ ሰው ይገድላል።
— አሸዋ ወይም ጠጠር በጎማ ውስጥ አይጨመር።
— ጎሚስታው የነቀለውን አሮጌ እርሳስ መሬት ላይ አይጣል፤ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ከሕፃናትና ከከብት ርቆ ይቀመጥ።
— እርሳስን ለመረብ ማስጠሚያም ሆነ ለሌላ ሥራ በቤት ወይም በማድቤት ማቅለጥ ክልክል ነው ተብሎ ይወሰድ፤ ጭሱና አቧራው ይመርዛል።
— እርሳስ የነካ እጅ ምግብ ከመንካቱ በፊት በሳሙና ይታጠብ።

ማጠቃለያ

መጀመሪያ ጭቃውን ማጽዳት፣ ቀጥሎ ጎማውን በነጥቡ መግጠም፣ ከዚያም የጎደለውን በብረት ወይም በዚንክ ክብደት መሙላት ይገባል። በዚህ ቅደም ተከተል የሠራ ባለመኪና ጎማውንና ጭነቱን ያድናል፤ መንገድ ዳር ለሚግጠው የጎረቤቱ ጥጃም መርዝ አይተውም።