ጳውሎስ ኞኞ እና የአንባቢ ጥያቄ
የጳውሎስ ኞኞ መደበኛ ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። በ1926 ዓ.ም. ቁልቢ የተወለደው ይህ ሰው ግን በሀገራችን የጋዜጠኝነት ታሪክ ስማቸው ቀድሞ ከሚነሳ ጥቂቶች አንዱ ነው።

አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ያዘጋጀው የነበረው «አንድ ጥያቄ አለኝ» ዓምድ ተራውን አንባቢ የጋዜጣው ተሳታፊ አደረገው። ጥያቄው ከታሪክም ይምጣ ከኑሮ ወይም ከተራ ጉጉት፣ ጳውሎስ ቁም ነገር ብሎ ይይዘዋል፤ በአጭርና ጨዋታ ባልተለየው አማርኛም ይመልሳል። ጀማሪ ጋዜጠኛ ከዚህ የሚወስደው ትልቁ ነገር፣ ዜና ከባለሥልጣን መግለጫ ብቻ እንደማይጀምር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ የሚኖርና በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የሚሳተፍ ተማሪ የጎረቤቶቹን ጥያቄ ይዞ መነሳት ይችላል። የውሃ ፈረቃው ለምን ተዛባ? የታክሲ ሰልፉ ማታ ማታ ለምን ይረዝማል? ከዚያ ነዋሪውንም፣ ተራ አስከባሪውንም፣ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ኃላፊም ያነጋግራል፤ የሰማውን እርስ በርስ ያመሳክራል።

ሰነድ መፈለግም የጳውሎስ ብርታት ነበር፤ ምናልባትም ከሁሉ ይበልጥ ሊጠና የሚገባው። «አጤ ምኒልክ» የተባለውን የታሪክ መጽሐፍ ያዘጋጀ ሲሆን፣ የንጉሠ ነገሥቱን ደብዳቤዎችም በትዕግሥት አሰባስቧል። ጳውሎስ ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ ደብዳቤዎቹ ግን በ2003 ዓ.ም. በመጽሐፍ መልክ ታትመው ለታሪክ አጥኚዎች የመረጃ ምንጭ ሆነዋል።