የመንገድ መብራት፦ ቁጠባው፣ ቀለሙና ልኩ



ዛሬ የምናገረው በየምሽቱ ከሥሩ እያለፍን ቀና ብለን ስለማናየው ነገር ነው፤ ስለ መንገድ መብራት። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ብዙ የዓለም ከተሞች የቆዩ የሶዲየም መብራቶቻቸውን እያወረዱ በኤልኢዲ ተክተዋል። ለውጡ ኃይል እንደሚቆጥብ አያጠራጥርም። እኔ ላስረዳ የምሻው ግን ኃይል የቆጠበ መብራት ሁሉ መልካም መብራት አለመሆኑን ነው።

አስቀድመን ጥቅሙን በሚገባው ልክ እንመስክር። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ2009 ጀምራ በአራት ዓመታት ውስጥ 140 ሺህ ያህል የመንገድ መብራቶችን ለወጠች፤ የእነዚህ መብራቶች የኃይል ፍጆታም ከ60 በመቶ በላይ ቀነሰ። የሶዲየም አምፖል ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚረጭ ከፊሉ በከንቱ ይባክናል። ኤልኢዲ ግን ብርሃኑን ወደ ተፈለገው ሥፍራ ማነጣጠር ይችላል። ሶዲየሙ ተለኩሶ እስኪደምቅ ደቂቃዎች ሲፈልግ፣ ኤልኢዲ ወዲያው ይበራል፤ እንደ አስፈላጊነቱም ይደበዝዛል። የታወቁ ሕንፃዎችም ከዚህ ተጠቅመዋል። በኒውዮርክ የኤምፓየር ስቴት ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2012 ኤልኢዲ ሲገጠምለት፣ ቀድሞ በሠራተኞች እጅ ይቀያየር የነበረው ቀለም ከ16 ሚሊዮን በላይ አማራጭ ያለውና በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሆነ።

ችግሩ የሚጀምረው ከቀለም ነው። ነጭ ኤልኢዲ በመሠረቱ ሰማያዊ ብርሃን የሚያመነጭ ቅንጣት ነው፤ በላዩ የተቀባው ፎስፈር የሰማያዊውን ከፊል ወደ ቢጫ ይለውጠዋል፤ ሁለቱ ተደባልቀው ለዓይናችን ነጭ ይመስላሉ። ይህን ሰማያዊ ምንጭ ያስገኙት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

የብርሃኑ ቀለም በኬልቪን ይለካል። ተማሪዎቼ ዘወትር የሚጠይቁኝ «ሞቃት» የሚባለው ብርሃን ቁጥሩ ለምን አነስተኛ እንደሆነ ነው። አንጥረኛው ወናፉን ሲነፋ ብረቱ መጀመሪያ ይቀላል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ነጭ ይሄዳል። ልኬቱ የተወሰደው ከዚሁ ጠባይ ነው። ስለዚህ የኩራዝን ነበልባል የመሰለው ብርሃን 2 ሺህ ኬልቪን አካባቢ ሲሆን፣ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለው «ቀዝቃዛ» ነጭ 4 ሺህና ከዚያ በላይ ነው።

የሰማያዊው ድርሻ ለምን ያሳስበናል? ሰማያዊ ብርሃን በአየር ውስጥ ይበልጥ ይበተናል፤ ቀን ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገው ይኸው ነው። ሌሊትም ወደ ላይ ያመለጠው ሰማያዊ ብርሃን ከዋክብትን ይሸፍናል። በሰውነታችንም ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀንን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ከሌሎች ቀለሞች ይልቅ ያግዳል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 የመንገድ መብራት ከ3 ሺህ ኬልቪን እንዳይበልጥና ብርሃኑ እንዲከለል የመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

የካሊፎርኒያዋ ዴቪስ ከተማ ይህን የተማረችው ከፍላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተተከሉት የ4 ሺህ ኬልቪን መብራቶች ዓይን እንደሚወጉና ቤት ድረስ እንደሚዘልቁ ነዋሪዎች አቤት አሉ። ከተማዋም በመኖሪያ ሰፈሮች ገና አዲስ የነበሩትን መብራቶች በ2,700 ኬልቪን ለመተካት 350 ሺህ ዶላር ገደማ አወጣች። ስለ ቀለም አስቀድሞ ነዋሪውን መጠየቅ ከዚህ በእጅጉ የረከሰ ነበር።

በአሪዞና ያለችው ቱሳን ግን ሌላ መንገድ መረጠች። በአካባቢዋ ኪት ፒክን የመሰሉ የታወቁ የከዋክብት መመልከቻዎች ስላሉ፣ ስትለውጥ 3 ሺህ ኬልቪን መረጠች፤ አጠቃላይ የብርሃኑንም መጠን ቀነሰች፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላም መብራቶቹ እንዲደበዝዙ አደረገች። እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎች ለ10 ሌሊት የመብራቶቹን ድምቀት እየለዋወጡ ከተማዋን በሳተላይት ለኩ። ከጠፈር ከታየው ብርሃን የመንገድ መብራት ድርሻ 20 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የሕንፃ፣ የመኪና ማቆሚያና የመሳሰለው ብርሃን ነበር።

ይህ ውጤት ወደ ዋናው ነጥቤ ይመልሰኛል። ብርሃን ሲረክስ ይበዛል። በሳተላይት በተደረገ ሌላ ጥናት፣ ከ2012 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. በሰው ሠራሽ ብርሃን የደመቀው የምድር ገጽ በየዓመቱ ከ2 በመቶ በላይ ሰፍቷል። መንገዱ ላይ የቆጠብነውን በሕንፃው ግንባርና በማስታወቂያው ላይ ካፈሰስነው፣ ሒሳቡ ላይ ያተረፍን ቢመስለንም ሌሊቱን አጥተናል።

እንግዲህ አዲስ መብራት በሰፈራችሁ ሲተከል ስንት ኪሎዋት ቆጠበ ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ቀለሙ ምንድን ነው? ወዴት ያበራል? ምን ያህል ይደምቃል? እስከ ስንት ሰዓት? ብላችሁ ጠይቁ። አራቱም ምሰሶው ሳይቆም ቢጠየቁ ከወረቀት ላይ መስመር የማረም ያህል ቀላል ናቸው፤ ከቆመ በኋላ ግን መሰላልና አዲስ በጀት ይጠይቃሉ።