መድፉ የሄደበት መንገድ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በጉና ሥር አልፎ፣ በጋይንት ደጋ ወደ ጨጨሆ የሚወስደውን አገር ብዙዎቻችን በእግራችን እናውቀዋለን። ለገበያ እንሄድበታለን፤ ለለቅሶና ለሠርግም እንሄድበታለን። ነገር ግን መንገደኛ ስለሚቸኩል የረገጠውን መሬት ታሪክ አይጠይቅም። በበጋ አንድ ቀን ከጎረቤት ጋር ተሰባስቦ፣ ለገበያ ሳይሆን ለማየት ብቻ መሄድ መልካም ነው። ታዲያ በዚህ አገር ምን ተሠርቶ ነበር?

የጋፋት ሥራ

ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ ብዙ አይርቅም። ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን፣ ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ እዚያ የብረት ሥራ ሰፈር ነበር። ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ሙያ ያላቸው ሚስዮናውያን ተቀምጠውበት ነበር። ንጉሡ «መድፍ ሥሩልኝ» አሏቸው። እነርሱ ግን መድፍ ሠርተው አያውቁም ነበር። ቢሞክሩ መጀመሪያ አልሆነላቸውም። የአገሩ ሠራተኞችም አብረው እየሠሩ ደጋግመው ሞከሩና በመጨረሻ ተሳካ።

መድፍ እንዴት ይሠራል? መዳብና ቆርቆሮ የሚባለው ማዕድን አንድ ላይ ሲቀልጡ ነሐስ ይሆናሉ። የቀለጠው ነሐስ ከሸክላ አፈር በተሠራ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል። ቅርጹ በደንብ መድረቅ አለበት። ጥቂት እርጥበት ካለው፣ ውሃው በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ቅርጹን ያፈነዳዋል። ስለዚህ ሥራው ጉልበት ብቻ ሳይሆን ትዕግሥትና እውቀት ይጠይቃል።

ከተሠሩት ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል የተባለው ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል እንደሆነ ይነገራል። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ብትጭን፣ ይህ የ140 አህያ ጭነት ነው። ግን መድፍ እንደ እህል ተከፋፍሎ አይጫንም።

የመንገዱ ሥራ

በ1860 ዓ.ም. በመስከረም መጨረሻ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ያን ጊዜ የነበረው የእግርና የበቅሎ መንገድ ብቻ ነው። መድፉ በሠረገላ ላይ ስለተጫነ ሰፊ መንገድ ያስፈልገው ነበር። ሰዉ ድንጋይ ፈነቀለ፤ ዳገቱን ቆፈረ፤ ጎድጓዳውን ሞላ። ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ዳገት ሲሆን በመቶ የሚቆጠር ሰው በገመድ ይስበዋል። ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ሠረገላው እንዳያመልጥ ከኋላ ይያዛል። ጋይንትን፣ ጨጨሆን፣ ዘቢጥን፣ ዋድላን፣ የጂዳን ገደል፣ ደላንታንና በሽሎን አልፎ መቅደላ ለመድረስ ከአምስት ወር በላይ ፈጀ።

ይህን ስናደንቅ የገበሬውን መከራ መርሳት የለብንም። በእነዚያ ዓመታት የበጌምድር ሰው እህሉና ከብቱ ተዘርፏል፤ ቤቱ ተቃጥሏል። ብዙውም ሸፍቶ ነበር። መንገዱ የጥበብ ምልክት ነው፤ የመከራም ምልክት ነው።

ሊወጋ የመጣው የእንግሊዝ ጦርም ከዋድላ ወዲያ ይህንኑ መንገድ ተጠቀመበት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በመቅደላ ራሳቸውን ገደሉ። ሴባስቶፖል ግን ዛሬም እዚያው መቅደላ አምባ ላይ ይገኛል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

የጋፋት ሥራ ከንጉሡ ጋር ቆመ። እውቀቱ በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ነበር። ደግሞም ብረት የሚቀጠቅጥን ሰው «ቡዳ ነው» ብሎ መናቅ በአገራችን የቆየ ነገር ነው። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን የሚሠራልን ማን ነው? ቀጥቃጩ አይደለም? በሥራው እየኖርን እርሱን ከናቅነው ልጁ ሙያውን ይሸሸዋል፤ ሙያውም ይጠፋል።

ለመሄድ ስትነሡ

በበጋ ሂዱ፤ ክረምት ጭቃና ጉም ነው። የጉና ከፍታ ከ4000 ሜትር ስለሚያልፍ ብርዱ ብርቱ ነው። ጋቢ፣ ዱላ፣ ውሃ፣ ቆሎና በሶ ያዙ። የፈጠነው የደከመውን ይጠብቅ። ጓሳውን፣ አስታውንና ጅባራውን አትቁረጡ። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ወደ ጣና የሚወርዱት ይህ ተራራ ዝናቡን ስለሚይዝ ነው።

ከሽማግሌዎች አንዱን አስከትሉ። «አያቶቻችሁ ስለ መድፉ ምን ይሉ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚናገሩትንም በደብተር ጻፉት፤ አሁን ፊደል አላችሁ። በቃል ብቻ ያለ ነገር ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. መድፍ ሲሠራ የሸክላው ቅርጽ ለምን መድረቅ አለበት?
2. በቀበሌያችሁ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ እንዴት ይታያሉ? ለምን?
3. በመንደራችሁ ሳይጻፍ የቀረ ምን ታሪክ አለ? ማን ያውቀዋል?