የአደራ ልጅና የሕክምናው ዋጋ

«አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ አባቶቻችን። ገንዘብን በአደራ መቀበል ከባድ ከሆነ፥ የሰውን ልጅ በአደራ መቀበል ምን ያህል ይከብድ ይሆን?

በአሜሪካ አገር ወላጆቻቸው ሊጠብቋቸው ያልቻሉትን ልጆች ዳኛ በመንግሥት አደራ ሥር ያደርጋቸዋል፤ መንግሥትም ለዘመድ ወይም ለሌላ ቤተ ሰብ ሰጥቶ ያሳድጋቸዋል። ይህም እንደ ጉዲፈቻ ለዘለቄታ አይደለም፤ ልጁ ወደ ወላጆቹ እስኪመለስ ወይም ቋሚ ቤት እስኪያገኝ ድረስ ነው።

እንዲህ ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ የልብ ቁስል ይዞ ይመጣል። ሌሊት ይባንናል፥ ያለ ምክንያት ይቈጣል፥ ምግብ ይደብቃል፥ ወይም ዝም ይላል። አሳዳጊዪቱ ይህን እንደ ብልግና ቈጥራ ብትቀጣው ቁስሉ ይብሳል እንጂ አይድንም። የሚበጀው የጠባይ ሕክምና ነው፤ ይኸውም ባለሙያው ልጁንና አሳዳጊውን በየሳምንቱ እያገኘ፥ ልጁ ፍርሃቱን በቃል እንዲናገር፥ አሳዳጊውም በትዕግሥት እንዲመልስለት የሚያስተምርበት መንገድ ነው። በጥናት ከተፈተኑት መንገዶች አንዱ ከ12 እስከ 16 ጊዜ ያህል መገናኘትን ይጠይቃል። ልጁ አምኖ ምሥጢሩን የነገረው ባለሙያ በመካከሉ ቢለየው ግን፥ ዳግመኛ እንደ ተጣለ ይሰማዋል።

የዚህን ሕክምና ዋጋ የሚከፍለው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ፊርማ የቆመው፥ ሜዲኬይድ የተባለው የሕዝብ የጤና መድን ነው። ከጥቂቶች በቀር የአደራ ልጆች ሁሉ በዚሁ ይታከማሉ። በ1989 ዓ.ም. የወጣው ሕግም፥ በመድኑ ውስጥ ያለ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ የሚያስፈልገውን ሕክምና እንዲያገኝ ያዝዛል። ገንዘቡን ማዕከላዊው መንግሥትና ግዛቶቹ ያዋጣሉ፤ ለባለሙያው የሚከፈለውን ዋጋ የሚቈርጠው ግን እያንዳንዱ ግዛት ወይም ግዛቱ የተዋዋለው የመድን ድርጅት ነው።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ዋጋው ብዙ ጊዜ የግል መድን ከሚከፍለው ያነሰ ነው። ባለሙያው ስለ ልጁ ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት ሠራተኛ ጋራ የሚነጋገርበትም ሰዓት ብዙውን ጊዜ አይታሰብለትም። ስለዚህ አንዳንዱ ባለ ሜዲኬይድ አልቀበልም ይላል፤ በሚቀበሉትም ዘንድ ደመወዝ ያነሰው ባለሙያ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ ልጁም ተራ ሲጠብቅ ይከርማል።

የማዕከላዊው መንግሥት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፥ በ2008 ዓ.ም. በአምስት ግዛቶች የአእምሮ መድኃኒት የታዘዘላቸው የአደራ ልጆች መጠን ከሌሎቹ የሜዲኬይድ ልጆች ከ2.7 እስከ 4.5 እጥፍ ይበልጥ እንደ ነበረ ገልጧል። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፥ መካሪ በማይገኝበት ስፍራ ክኒን መቅረቡ አያስደንቅም።

ዋጋው በቂ ባለሙያ የሚያስገኝ እንዲሆን ሕጉ ራሱ ይጠይቃል። ነገር ግን በአይዳሆ ግዛት አገልግሎት ሰጪዎች ዋጋው አንሷል ብለው ቢከሱ፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 ዓ.ም. በዚህ ሕግ ግዛቱን ሊከሱ አይችሉም ብሎ ፈረደ። እንግዲህ ነገሩ የቀረው በጀት በሚመድቡት ሰዎች እጅ ነው።

ለልጅ ማደሪያና ምግብ ሰጥቶ የልቡን ሐኪም መንሣት አደራን በግማሽ መጠበቅ ነው። የዋጋውን ልክ የሚቈርጡ ሁሉ፥ በመዝገባቸው ላይ ከሚጽፉት ቍጥር በስተ ኋላ የሚጠብቅ ልጅ መኖሩን ሊያስቡ ይገባል።